የራህመት ካርታና ቀይ እስክሪብቶዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ካርታው ትዝ ያለኝ ዛሬ ጠዋት ነው፣ ሸህ ሰይድ ሁለተኛውን የእህል ጉድጓድ ሲከፍቱ። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ የእኚህን ሰው ማሽላ ስበላ ከርሜ አንድ ቀን እንኳ ብልጭ አላለልኝም ነበር።

ጉድጓዱ በረቱ ውስጥ ነው። ከብቶቹን አስወጡ፣ እበቱን ጠረጉ፣ አንድ ክንድ ያህል አፈር ዛቁ፤ ከዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ብቅ አለ። ድንጋዩን ሲያነሱት ሁላችንንም "ራቅ በሉ" አሉን። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ይገላል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠበቅን። ቀጥሎ ኩራዝ በገመድ አወረዱ። ኩራዙ ሳይጠፋ ሲቆይ እሳቸውም ወረዱ።

እኔ እንዳላይ ወደ ቤት ልገባ ስል "ቁሚ መምህርት፣ አንቺማ ቤተኛ ነሽ" አሉኝ። "ይኼን ጉድጓድ ከቤተሰብና ከቆፋሪው ሌላ ያየው የለም። የእናቴ ልጅ እንኳ የፊተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው።"

ካርታው ዓይኔ ላይ ድቅን ያለው ያኔ ነው። ከግራሩ በስተሰሜን አሥራ ሁለት እርምጃ። አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያረምኩት። መርሳ ከተማ ባለው የመማሪያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ከነመፍቻው በፕላስተር ተለጥፏል።

ማሽላውን በስልቻ ሲያወጡ አፉን ይዤላቸው ቆምኩ።

ከመርሳ የወጣሁት ነሐሴ ላይ ነው። የመድፉ ድምፅ ከወልድያ በኩል ሲቀርብ የተከራየሁበት ግቢ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሄደ። የት እንደምሄድ ሳልወስን ሸህ ሰይድ አህያቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ራህመት ተማሪዬ ናት፤ "ቲቸር ብቻዋን ናት" ብላ አስጨንቃቸው ነው። ሁለት ሰዓት ሽቅብ ወጥተን እዚህ ደረስን። የመንደሩን ስም አልጽፍም። የቦታ ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ጾሜ ነው። የራህመት እናት እማ ዘይነባ ሳልጠይቃቸው ሽሮዬን ያለ ቅቤ ለብቻ ሠርተው አቀረቡልኝ። ረቡዕና ዓርብ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን አልወረደልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

ግንቦት ላይ ለዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፕሮጀክት ሰጠሁ፦ የአሰፋፈር ዓይነቶችና የመሬት አጠቃቀም በአካባቢያችን። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ውጭ አገር ከተሞች ነው። ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ከተማ ከሚሸመድዱ የሚኖሩበትን ይሣሉ ብዬ ነው። በዚህ ሐሳቤ እኮራ ነበር፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥም ሳላወራለት የቀረሁት ሰው የለም።

የከተማዎቹ ልጆች መርሳን ተካፍለው ሣሉ። አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች ስለሆነች ለመስመራዊ አሰፋፈር ከእሷ የተሻለ ምሳሌ የለም። መናኸሪያውንና ሱቆቹን ቀይ፣ መኖሪያውን ቢጫ፣ ወፍጮ ቤቶቹንና ጋራዦቹን ሐምራዊ፣ መሥሪያ ቤቶቹን ሰማያዊ፣ በመስኖ የሚለማውን የብርቱካንና የሽንኩርት ማሳ አረንጓዴ ቀቡት። ከገጠር የሚመጡት አምስቱ ደግሞ የየመንደራቸውን የተበታተነ አሰፋፈር ሣሉ። ሁሉንም አንድ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ መርሳ መሀል፣ መንደሮቹ ዙሪያዋን።

የራህመት የመጀመሪያ ካርታ ቤቱን፣ በረቱን፣ ግራሩን፣ ምንጩንና የእግር መንገዱን የያዘ ነበር። ጥሩ ነበር። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና "የገበሬ ቤተሰብ እህሉን የት ያስቀምጣል? አልተሟላም" ብዬ መለስኩላት። ልጅቷ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ቀረች።

"ቲቸር፣ እሱ ይቅር" አለችኝ።

"ካርታ ላይ የሚቀር ነገር የለም" አልኳት። ይህን ያልኩበት ድምፅ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

በሳምንቱ ሦስት ጥቁር ክብ ጨምራ መጣች፤ መፍቻው ላይም "የእህል ጉድጓድ" ብላ ጽፋለች። ከሃያ ሃያ ሰጠኋት። ወረቀቱን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁና "እንዲህ ነው የሚሠራው" አልኩ። ሁሴን የሚባለው ተማሪዬ በማግሥቱ የራሱን ወስዶ አንድ ጥቁር ክብ ጨመረበት። የሌሎቹ ሦስቱ ቤተሰቦች በጎተራ ስለሚጠቀሙ ከዚህ ጣጣ ተርፈዋል።

ስም፣ ተራ ቁጥርና የመንደር ስም ያልጻፈ አላርምም የሚለውም የእኔው ደንብ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ከመርሳ ገበያ ተመለሰ። ታጣቂዎቹ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነው ያሉት፤ የኳስ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያድራሉ፣ ዴስኩን እየፈለጡ ያነዱታል አለ። ሰዉ ሁሉ አዘነ። እኔ ወረቀቶቹም አብረው ይነዱ ይሆናል ብዬ ውስጤ ደስ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ የተማሪዎቼ ሥራ እንዲቃጠል የምመኝ ሴት ሆኛለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

አልነደደም መሰለኝ።

ትናንት ከሰዓት ታጣቂዎች የእነሁሴን ቤት ገቡ። ከእኛ ሸንተረር ቀጥሎ ባለው ነው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። እናቱ እትዬ ፋጡማ ባል የሞተባቸው ናቸው። ያለቻቸውን አንዲት ጉድጓድ እስከ ወለሏ ጠርገው ወሰዱባቸው።

ወሬውን ያመጡት ሰዎች አንድ ነገር ይደጋግማሉ። አልፈለጉም ይላሉ። ሌላ ቦታ ሲመጡ ፌሮ ይዘው መሬቱን እየወጉ ነው የሚፈልጉት። ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፣ ብዙ ጊዜም ሳያገኙ ይሄዳሉ። እዚያ ግን ቀጥ ብለው ጓሮ ገቡ፣ የእንጨት ክምሩን አነሱ፣ ቆፈሩ።

ሁሴን ራሱ የለም። ነሐሴ ላይ ከጎረምሶች ጋር ወደ ደሴ ሄደ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። አሁን ደግሞ ስለ ደሴም ደስ የማይል ወሬ ይወራል።

ጭንቀቶቼ፣ እንደመጡልኝ፦

ካርታውን አይተው ነው ወይስ ሰው ጠቁሟቸው?

አይተው ከሆነ የራህመት ወረቀት ከሁሴን ወረቀት አንድ ስንዝር አይርቅም።

እዚህ ቤት ዘጠኝ ነፍስ አለ። አዲሱ ማሽላ ቢቀና የሚደርሰው ኅዳር መጨረሻ ነው።

ብናገር ራህመትን ምን ያደርጓታል?

ብናገርና ውጪልኝ ቢሉኝ የት እገባለሁ?

ከሁሉ በላይ ያሰብኩት የመጨረሻውን ነው። እዚህ ደብተር ላይ ልመነው፤ ሌላ ቦታ አላምንም።

አመሻሽ ላይ ሰዎች የጋሽ ይማምን ስም ሲያነሱ ሰማሁ። ጋሽ ይማም የዚህ አካባቢ ጉድጓድ ቆፋሪ ናቸው። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ በጭድ የሚያለብሱት፣ አፉን የሚመርጉት እሳቸው ናቸው፤ አባታቸውም ይኸው ሥራቸው ነበር። የሁሉንም ቤት ጉድጓድ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ለካ ለዚህ ነው ስማቸው የተነሳው።

ነገ ከጁምአ በፊት ለሸህ ሰይድ እነግራቸዋለሁ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 19

አልነገርኳቸውም።

ጠዋት ተነሥቼ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሸህ ሰይድ ውዱእ እያደረጉ ነበር፣ ከዚያ ልብሳቸውን ሲቀይሩ አላመቸኝም፣ ከዚያ ወጡ። ለተማሪ ይህን ሰበብ አልቀበልም ነበር።

ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ጋሽ ይማምን አስጠሩ። ምንጩ ከዋርካው ብዙ አይርቅም፤ እንስራዬን ሞልቼ ከቁልቋሉ ወዲህ ቆሜ ሰማሁ። ጋሽ ይማም አልጮሁም።

"እዚህ ከተቀመጣችሁት የማንን ጉድጓድ ነው ያልቆፈርኩት?" አሉ። "የሁላችሁም እጄ ላይ ነው። ልሸጣችሁ ብፈልግ የማንንም ትቼ የፋጡማን አንዲት ጉድጓድ ነው የምሸጠው? ወላሂ ከአፌ አልወጣም።"

ማሉ። ግማሹ ሰው አመናቸው፣ ግማሹ መሬት መሬት አየ። ነገሩ እስኪጣራ የማንም ግቢ እንዳይገቡ ተወሰነ። አዝመራ ሊደርስ ነው፤ የከረመው ጉድጓድ ሁሉ የሚጠረገውና በአዲስ ጭድ የሚለብሰው አሁን ነው። ያለ ሰው ግቢ ጋሽ ይማም ምን ሥራ አላቸው?

አሥር እርምጃ ወጥቼ "እኔ ነኝ" ማለት ነበር። እንስራውን አዝዬ በላይኛው መንገድ ዞርኩ።

ራህመት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። እንስራውን አወረደችልኝና "ቲቸር፣ እኔ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

እስከዛሬ ስለ ካርታው አንድም ቀን አላነሳንም። ረስታዋለች ብዬ ራሴን አሞኝቼ ነበር። ለካ ከነሐሴ ጀምሮ ስታስበው ነው የከረመችው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ታጣቂ ገባ ሲባል ሮጣ መርሳ ልትወርድና ልትቀደው ፈልጋ እናቷ ከለከሏት፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናቷ አልነገረቻቸውም።

"አንቺ 'ይቅር' ብለሽኝ ነበር" አልኳት።

"ግን ሣልኩት።"

"እኔ ነኝ ያሣልኩሽ።"

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ የእሷ ነው። ለአባቷ እኔ እንደምናገር፣ የእሷን ስም ሳነሳ ቀድሜ የእኔን እንደማነሳ ነገርኳት። ልጅ ካየኝ በኋላ ወደኋላ ማለት አልችልም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ነገርኳቸው። ገና ጎህ ሲቀድ፣ በረቱ በር ላይ።

ሸህ ሰይድ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ሦስቱንም ነው?" አሉ።

"ሦስቱንም።"

"ቦታው ልክ ነው?"

"ልክ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያረምኩት።"

"ልጄን አንቺ ዘንድ የላክኋት ልትማር ነው። ይኼ ነው ትምህርቱ?"

ምን ይመለሳል? ትምህርት ማለት የሰው ልጅ መሬቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ማወቅ እንደሆነ ስሰብክ ኖሬያለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

"ትናንት ይማምን ስናስምለው የት ነበርሽ?"

"ምንጩ ጋ።"

"ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

እስከዚያ ድረስ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው። ቁጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። "ወረቀቱ ስሕተት ነው፣ አልፈርድብሽም" አሉ። "የትናንቱን ግን ምን እንበለው?"

ከዚያ ወዲያ ወሬ አልነበረም። ሥራ ሆነ። ሦስቱንም ጉድጓድ ከፈቷቸው። የኋለኛዎቹን ትንፋሽ መጠበቅ ነፍስ የሚያወጣ ነገር ነው፤ ቆመን ጉድጓድ እያየን፣ ጆሯችን ቁልቁለቱ ላይ። ማሽላውን በማዳበሪያ ሞልተን ከፊሉን ለዘመድ አከፋፈልነው፣ ከፊሉን ገና ያልታጨደው ማሽላ መሀል አስገባነው። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የገባበትን አይሰጥም። እኔም ስሸከም ዋልኩ። ወገቤ አልቋል። ባዶዎቹን ጉድጓዶች መልሰን ከደንን፣ አፈር መለስን፣ ከብቶቹን አስገባንበት።

ራህመትን አባቷ አልተናገሯትም። ከሰዓት በኋላ ብቻ አጠገቧ ቆም ብለው "እርምጃውን ማን ቆጠረልሽ?" አሏት። "ራሴ" አለች። "ልክ ቆጥረሻል" ብለዋት አለፉ።

ማታ ራት ላይ "ነገ ዋርካው ሥር ትናገሪያለሽ" አሉኝ። "እኔ አልናገርልሽም። የይማም ስም የተነሳው ሰው ፊት ነው።"


እሑድ፣ ጥቅምት 21

በዚያ ሸንጎ ላይ ሴት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም፣ ክርስቲያን ሴትማ ጭራሽ።

አጭር አድርጌ ተናገርኩ። ልጆቹን እኔ እንዳሣልኳቸው፣ አንዷ እንቢ ስትል እንዳስገደድኳት፣ ሁለቱ ወረቀቶች ግድግዳ ላይ እንደቀሩ። ዓርብ ዕለት ሰምቼ ዝም እንዳልኩ። ወደ ጋሽ ይማም ዞሬ "አፉ ይበሉኝ" ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አንዱ ሽማግሌ "ለማስተማር ብላ ነው፣ ምን ታድርግ" አሉ። ሌላው ሳቁ። "ወረቀት ነው መንገድ መርቶ ያመጣቸው? መምህርቷ አዛኝ ናት፤ ይማምን ለማውጣት ብላ ነው" አሉ። ብዙዎቹ በዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱ የማይታመን ሆኖ ቀረ። ጥፋቴን ይዤ መጥቼ የሚቀበለኝ አጣሁ።

ጋሽ ይማም አላዩኝም። "ያለችውን ሰምቻለሁ" ብለው ኩታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ፈተና ላይ ሁልጊዜ የማወጣት ጥያቄ ነበረችኝ፦ የተበታተነ አሰፋፈር ጉዳቶችን ዘርዝሩ። መንገድ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤት ማዳረስ ያስቸግራል፤ አራት ነጥብ። ጥቅሙን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ከዋርካው ስመለስ ቤቶቹን አየሁ፤ እያንዳንዱ በየጉብታው ላይ፣ በመካከላቸው ማሳ። አንዱ ቤት ሲገባበት ሌላው የሚያሸሽበት ጊዜ ያገኛል። መርሳ አስፋልቷን ይዛ በአንድ ጠዋት ተያዘች። ይህን ወደ መጽሐፉ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 22

መጡ።

ረፋድ ላይ ነው። ስድስት ናቸው። እኔ፣ እማ ዘይነባና ራህመት ቤት ውስጥ ነበርን፤ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሸህ ሰይድ በረቱ ደጃፍ ቆመዋል። አንደኛው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋ። ከዚያ ሆኜ የጀርባውን ነው የማየው። ቀይ ቀለሙ ግን አልፎ ይታያል። አጥብቄ ነው የምጽፈው፤ "20/20" ወረቀቱን በስቶት ነበር።

ግራሩ ሥር ቆሞ ወደ ሰሜን መቁጠር ጀመረ። ራህመት ከጎኔ አብራ በሹክሹክታ ትቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ቆመ፣ እሷም ቆመች።

ሦስቱንም ቆፈሩ። ሦስቱም ባዶ።

"የት አደረስከው?" አሏቸው።

"በላነዋ" አሉ ሸህ ሰይድ። "ዘጠኝ ነፍስ ነው ያለው። ጥቅምት ነው።"

አንዱ በሰደፍ ትከሻቸውን ገፋቸው፣ ወደቁ፣ ተነሡ። ሁለት ፍየልና ሬዲዮናችንን ወሰዱ። ወረቀቱን የያዘው ሰው ጨምድዶ ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎት ሄደ።

ሲርቁ ራህመት ወርዳ አወጣችው። አባቷ አዩት፣ የመጡት ጎረቤቶች ተቀባበሉት፣ ትናንት የሳቁት ሽማግሌም ያዙት፤ ማንበብ ስለማይችሉ ክቦቹን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ራህመት ተቀብላ ወደ ምድጃው ወሰደችው። ያየሁት ምርጥ የተማሪ ካርታ ነበር።

ሸህ ሰይድ ትከሻቸውን እንደያዙ እስከ ጋሽ ይማም ቤት በእግራቸው ሄደው ይዘዋቸው መጡ፤ ያቺን መንገድ ማንም እንዲሄድላቸው አልፈቀዱም። ጋሽ ይማም ገብተው የተቆፈረውን አፋፍ አዩና "ጠርዙን አበላሽተውታል" አሉ።

የዚህ ቤት እህል ተረፈ። እማ ዘይነባ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል የምልበት ቀዳዳ ነበረኝ። አሁን የእትዬ ፋጡማ እህል በማን እጅ እንደሄደ አውቄአለሁ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ከሸንተረሩ ማዶ ሄጄ ተመለስኩ።

ሸህ ሰይድ ሁለት ማዳበሪያ ማሽላ አህያ ላይ ጫኑልኝ። መነሻዬ ላይ ጋሽ ይማም መጥተው ገመዱን ያዙ። "መንገዱን አታውቂውም" አሉኝ። እውነት ነው፤ በወረቀት ነው የማውቀው። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊቴ ሄዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ድንጋይ ሲያዳልጠኝ ዞር ብለው ቆመው ጠበቁኝ። አፉ ብለውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። አልጠየቅሁም።

እትዬ ፋጡማ ጓሯቸው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ታጣቂዎቹ ሲዝቁ ከአፈሩ ጋር የተበተነውን ማሽላ በወንፊት እያበጠሩ ይለቅማሉ። አጠገባቸው ያለችው ጣሳ ግማሽ አልሞላችም።

"መምህርቷ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ወሬሽ ደርሶኛል።"

"አፉ ይበሉኝ" አልኩ።

"አልልሽም" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ዛሬ አልልሽም። ነገን እንጃ።"

ጋሽ ይማም ማዳበሪያዎቹን አውርደው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። እኔ መሬት ተቀመጥኩና መልቀም ጀመርኩ። አልከለከሉኝም። ማሽላና ጠጠር ቀለማቸው አንድ ነው፣ በጥፍር ነው የሚለየው። ብዙ ቆየን።

"ስንት ሰጠሽው?" አሉኝ በድንገት።

መጀመሪያ አልገባኝም።

"ለሁሴን። ለሥራው ስንት ሰጠሽው?"

"አሥራ ስምንት።"

"ከስንት?"

"ከሃያ።"

"ሁለቱን በምን አስቀረሽበት?"

"አንዱን መስፈርቱን ስላልጻፈ ነው። በወረቀቱ ላይ አንድ ጣት የሆነው መሬት ላይ ስንት እርምጃ እንደሆነ መጻፍ ነበረበት።"

"ሌላውንስ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ካርታው ላይ ሰው ሥሎ ነበር" አልኩ። "ቤቱ በር ላይ የተቀመጠች ሴት። ካርታ ላይ ሰው አይሣልም ብዬ በቀይ ሰረዝኩበት።"

ወንፊቱ ቆመ።

"ከትምህርት ሲመለስ እዚያ ነው የምቀመጠው" አሉ በሩን እያዩ። "ከታች ሲመጣ እንዲታየኝ።"

ልጃቸው ነሐሴ ላይ ከሄደ ወዲህ የእሱ የሆነ ነገር አንድም ቤት ውስጥ እንዳልቀረ ነገሩኝ። ደብተሮቹንም ልብሱንም ይዞ ነው የሄደው። ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።

ስነሣ እጄን ያዙኝ። "ያንን ወረቀት ታመጭልኛለሽ?" አሉኝ። "የሰረዝሽውም ቢሆን።"

የት እንዳለ አላውቅም። ከእንጨቱ ጋር ነዶ ይሆናል፣ የአንዱ ኪስ ውስጥ ይሆናል፣ እዚያው ጓሮ አፈር ውስጥ ተረግጦም ሊሆን ይችላል።

አመጣለሁ አልኳቸው።